ያልተወቀጠው ክኒን

መቀስ ነው የሚሏት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ግን ያን ስም የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ሥራዋ ጨርቅ መቁረጥ ነው። ሙያውን የማያውቅ ሰው ልብስ የሚሠራው በመርፌ ይመስለዋል። ተሳስቷል። መርፌ ቢስት ይፈታና እንደገና ይሰፋል፤ መቀስ ከሳተ ግን ያንን ጨርቅ መልሶ ሙሉ የሚያደርግ ጠቢብ ገና አልተወለደም። ስለዚህ በዚያ ቤት ከባለቤቱ ቀጥሎ የሚከበረው ቆራጭ ነው፤ እሷም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ክብሩን አልጠላችውም። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጨርቁን በመዳፏ ዳብሳ፣ በጠመኔ ካሰመረች በኋላ ማመንታት ብሎ ነገር የለም። ያ ትልቅ መቀስ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ ድምፁ አንዴም አይቆራረጥም። ሰፊዎቹ እንኳ እግራቸውን ከፔዳሉ አንስተው ያዩዋታል።

ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ይህን ስፌት ቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ ግን መድኃኒቷን ሳታጓድል ስለምትወስድና በሽታውም ለዓመታት አንገቱን ደፍቶ ስለኖረ ጉዳዬ ብሎ የሚያነሳው ሰው አልነበረም። የመድኃኒቱ አለቃ እናቷ ናት።

እናትየው ወፍጮ ቤት ያረጀች ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ እህል በላይ ስትጨምር፣ ዱቄት በታች ስትቀበል ኖራ፣ የዓለምን ነገር ሁሉ ለሁለት ከፍላዋለች፤ የተፈጨና ያልተፈጨ። ያልተፈጨ ነገር ሆድ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል ብላ ታምናለች፤ ከዚህ እምነቷ የሚያነቃንቃት ሰው አልተገኘም። ልጅቷ ትንሽ ሳለች አንድ ክኒን ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ፊቷ እስኪጠቁር ታንቃ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጀርባዋ ተደልቆ ነው የወጣው። በማግስቱ እናት ትንሽ የነሐስ ሙቀጫ ገዝታ ገባች። ከዚያ ወዲህ በዚያች ቤት ሙሉ ሆኖ ያለፈ ክኒን የለም፤ ሁሉም ተወቅጦ፣ ልሞ፣ በማር ተለውሶ በማንኪያ ነው የሚገባው። ልጅቷ አድጋ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ከሆነች በኋላ እንኳ ጠዋት ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት የሙቀጫው ቀጭ ቀጭ ነው። በግድግዳ የሚዋሰኗቸው ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ለትምህርት ቤት የሚያስነሱት በዚያ ድምፅ ነው፤ አንድ ቀን ዘግይታ በመውቀጧ ልጆቹ አርፍደው ተገርፈዋል ብለው ከሰዋት ያውቃሉ።

ነገር የተበላሸው ክኒኑ የተለወጠ ጊዜ ነው። የድሮው፣ በቀን ሦስቴ የሚወሰደው፣ ከመጋዘን ጠፋ ተባለና በምትኩ ጠዋትና ማታ ብቻ የሚወሰድ ወፈር ያለ ክኒን ተሰጣት። ምሳ ሰዓት ላይ መድኃኒት ይዞ መዞር ቀረልሽ ሲሏት ደስ አላት። እናት ግን አዲሱን ክኒን በጣቶቿ ገልብጣ አየችውና፣ ይሄን የመሰለ ድንጋይ ደግሞ ለማን ብለው ነው የሠሩት ብላ ሙቀጫዋ ውስጥ ጣለችው። እንደ ልማዷ አላመችው። ይወቀጥ ወይ ብሎ የጠየቀ፣ አይወቀጥም ብሎ የነገራቸውም አልነበረም።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ረፋድ ረፋድ ላይ ዓይኗ ይጫወትባት ጀመር። ጠዋት ደህና ትገባለች፤ ረፈድ ሲል ወለሉ ከእግሯ ሥር የሚንሸራተት ይመስላታል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል። ሁለት ሜትር፣ ሁለት መቀስ፣ ሁለት ጋሼ። ጋሼ የሚባሉት የስፌት ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ አንዱም ጋሼ ለቤቱ ይበዛል እያለች በሆዷ ትስቅ ነበር መጀመሪያ ላይ። እኩለ ቀን ሲሆን ነገሩ ይተዋታል። ለማንም አልተናገረችም። ሁለት የሚያይ ቆራጭ ማን ይፈልጋል? ሆድ ይፍጀው ብላ አንድ ዓይኗን ጨፍና መቁረጥ ለመደች።

አንድ ቀን ግን ሳቁ ቀረ። ደንበኛ ራሱ ያመጣው የካፖርት ጨርቅ ነበር፤ ወፍራም፣ ልስልስ፣ ምትክ የሌለው። ያሰመረችው አንድ መስመር ነው፤ መቀሱን ስታነሳ ሁለት ሆኖ ጠበቃት። አንዱን መረጠች። እውነተኛው መስሏት የመረጠችው መስመር ግን ዓይኗ የፈጠረው ኖሯል። መቀሱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው የጀርባው ቁራጭ አንድ ጎኑ ጠቦ መቅረቱ የታየው። ጋሼ አልጮኹም። ጨርቁን ጠቅልለው ከመደርደሪያው ሥር ከተቱትና ደንበኛውን ሊለምኑ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ይባስ ብሎ በሽታው ራሱ ተመለሰ። ሲነጋጋ፣ የጠዋቱን መድኃኒት ገና ሳትወስድ፣ አልጋዋ ላይ ጣላት። ጤና ጣቢያ ሄዳ መውደቋን ተናገረች፤ ሁለት ማየቷን ዋጥ አደረገችው። ስለ መውደቅ ብቻ የሰማ ባለሙያ የሚያደርገውን አደረገ፤ መጠኑን ጨመረላት። እናትም የተጨመረውን ጨምራ ወቀጠች። ረፋዱ ጭራሽ ጭጋግ ሆነባት፤ ንጋቱም አልተሻለም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት እናትየው ታማ መድኃኒቱ ሳይወቀጥ ቀረና፣ ልጅቷ ስመለስ እወስዳለሁ ብላ እየሮጠች ሥራ ገባች። መቀሱን እንደያዘች ጠረጴዛው ሥር ወደቀች። ስትነቃ ራሷ የአንዷ ሰፊ ጭን ላይ ነበር፤ መቀሱ ደግሞ ከጋሼ ወንበር በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ካልዳንሽ አልሰጥሽም» አሏት ጋሼ፣ ወደ እሷ ሳያዩ። «ከዳንሽ ደግሞ የሚነካው ሌላ ሰው የለም። እዚያው ይጠብቅሻል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዝራር ተካይ ሆነች። ሸሚዝ ሲያልቅ ይመጣላታል፤ አራት ቀዳዳ፣ ክር፣ ቋጠሮ። አንዱ ቀልደኛ ሰፊ ስሟን ወደ «አዝራር» ሊለውጥ ቢሞክር የክር ጥቅሉን ግንባሩ ላይ አሳረፈችበት፤ ከዚያ ወዲያ የሞከረ የለም። ስሙ አብሯት ቀረ፤ መቀሱ ግን የለም። ቀና ባለች ቁጥር ግድግዳው ላይ ታየዋለች። ከሥራ ተባርራ ቢሆን ኖሮ ሌላ ቦታ ሄዳ ትረሳው ይሆናል፤ እዚያው ተቀምጦ እያዩት መኖር ግን አንጀት ይበላል። ሌላ ቆራጭ ተቀጠረ፤ መቀሱ እንደ መጋዝ የሚጮኽ ሰው ነው። ድምፁን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል የላካት የጤና ጣቢያው ባለሙያ ራሱ ነው፤ መጠኑን ጨምሬ ጨምሬ አልገባኝም ብሎ። አዲሷ ሐኪም ረጋ ያለች፣ ሰው ሲናገር ብዕሯን የምታስቀምጥ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ብዙ አላወራችም። በሚቀጥለው ቀጠሮ የጠዋቱን መድኃኒት ሳትወስጂ ነይ አለቻት፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ እጅግ ዝቅ የሚልበት ሰዓት ያ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ያለውን መጠን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ወዲያው ውሰጂ።

እናት ይህን ስትሰማ የምታደርገው የታወቀ ነው። ሙቀጫውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ማሩን በትንሽ ብልቃጥ ቋጥራ አብራ መጣች። ደሙ ተቀዳ። ከሐኪሟ ክፍል ፊት ለፊት፣ ሕመምተኛ በተደረደረበት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እናት ሙቀጫዋን በጉልበቷ መሀል አጣብቃ ሥራዋን ጀመረች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ክኒን አውጥተው ለእኔም ቢደረግልኝ የሚል ዓይን አሳዩ። መቀስ መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ እያለች አንገቷን ደፋች።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ድምፁን ሰምታ ነው የወጣችው። ሙቀጫውን አየች፣ እናትየውን አየች፣ ልጅቷን አየች።

«እማማ፣ ምንድን ነው የሚወቅጡት?»

«መድኃኒቷን ነዋ» አለች እናት ኮራ ብላ። «ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የምወቅጥላት። አንድ ቀን አላጓደልኩም።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። ሁለቱንም ወደ ውስጥ አስገባቻቸውና እናትየው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የት እንደሠራች ጠየቀቻት፤ ወፍጮ ቤት ሲባል የሐኪሟ ፊት በራ። እስቲ እህሉን ከላይ እንዴት ነው የምትለቁት አለቻት። እናት ስለ ሙያዋ ተጠይቃ ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ ስለ እህል ማስገቢያው፣ በቀጭኑ እየፈሰሰ ወደ ድንጋዩ ስለሚወርደው እህል፣ እጅ እንዴት እንደሚመጥነው በእጇ እያሳየች አስረዳች።

«ጆንያውን ሙሉ በአንዴ ቢገለብጡበትስ?»

«ታንቆ ይቆማላ። እህሉ ሲያልቅበት ደግሞ ባዶውን ይዞራል፤ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋጫል።»

«ልጅዎን ያገኛት ይኼ ነው» አለች ሐኪሟ። «ይኼ ክኒን ከነወፍጮው ነው የተሠራው፣ እማማ። ሙሉውን ሲዋጥ ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ራሱን ይፈጫል፤ ቀኑን ሙሉ በቀጭኑ ይለቃል። እርስዎ ሲወቅጡት የሚሰበረው ወፍጮው ነው።»

ከዚያ ለልጅቷ ቀሪውን አስረዳቻት። የተወቀጠው ዱቄት ሆድ ውስጥ ሲገባ የሚያቆየው ነገር የለም፤ አንጀት በአንዴ ይመጠዋል፣ ደም ተሸክሞት ጭንቅላት ይደርሳል። ለሙሉ ግማሽ ቀን የታሰበው ረፋድ ላይ አንድ ላይ ይመጣል፤ ያኔ ሰው ይዞርበታል፣ ዓይኑ አንዱን ሁለት ያደርጋል። ጉበት ደግሞ ሥራ አይፈታም። ልብስ ስፌት ቤት የተበላሸ ስፌት እንደሚፈታው ሁሉ እያንዳንዱን እየፈታ ያወርዳል፤ ኩላሊት የተፈታውን ጠርጎ በሽንት ያስወጣል። የማታው ዱቄትም እንዲሁ እሷ ተኝታ ሳለ ይጥለቀለቅና ጉበት ሲያወርደው ያድራል፤ ሊነጋ ሲል ደሟ ውስጥ የቀረው ጭላጭ ነው። በሽታው የሚገባው በዚያች በር ነው። የድሮው ክኒን ይህ ወፍጮ አልነበረውም፤ ቀን ሦስቴ በትንሽ በትንሹ ስለሚወሰድ መወቀጡ አልጎዳትም። መጠኑ ሲጨመር ደግሞ የሚጨመረው ከረፋዱ ጎርፍ ላይ ነው እንጂ ንጋቱ ላይ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

«ሁለት ታዪ ነበር?» አለቻት ሐኪሟ በመጨረሻ።

መቀስ ወደ እናቷ አየች። «አዎ፣ ሁለት አይ ነበር።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«መቀሴን ይወስዱብኛል ብዬ።»

«አልወሰዱብሽም?»

«ወሰዱብኝ» አለችና፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀሰችውን እዚያ አለቀሰችው። እናትየው ግን አላለቀሰችም። ሙቀጫውን በጨርቁ መልሳ ጠቅልላ፣ ከቦርሳዋ ግርጌ አስገባችው። እየወደደቻት ስትጎዳት መኖሯን እያሰበች እንደሆነ መቀስ ገባት።

መፍትሔው በአፍ ቀላል ነው፤ ሙሉውን ዋጪው። ጉሮሮ ግን በምክር አይከፈትም። ሐኪሟ ፊት ሞከረች፤ ክኒኑ ምላሷ ላይ ሲቀመጥ ያቺ ታንቃ ፊቷ የጠቆረው ሕፃን ውስጧ ተነስታ ጮኸች፤ ክኒኑ ከነውሃው ተመልሶ ወጣ። ሐኪሟ ከሕፃናት ክፍል ያገኘቻትን ትንሽ ሽሮፕ ሰጠቻትና እስክትለምጂ ይኼን በትንሽ በትንሹ ቀን ላይ ከፋፍለሽ ውሰጂ፣ ግን ብዙ ስለሌለ ጉሮሮሽን ቶሎ አሰልጥኚው አለቻት። ጠርሙሱን ሁሌ በደንብ ነቅንቁት፣ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጣል ስትል እናት ቀና አለች። የምትሠራው ነገር ተገኘ። ከዚያ በኋላ ያ ጠርሙስ የተነቀነቀውን ያህል የተነቀነቀ ጠርሙስ በዓለም ላይ የለም።

ማታ ማታ ከእራት በኋላ ትምህርት ተከፈተ። መቀስ ዳቦ በጣቷ እያድቦለቦለች፣ መጀመሪያ የምስር ፍሬ የምታህል፣ እየቆየች የአተር፣ ኋላም የባቄላ እያሳከለች በውሃ ለመዋጥ ትሞክራለች። አንገትሽን ወደ ኋላ አትቆልምሚ ተብላለች። ምስሯ ሄደች። አተሯ አስለቀሰቻት። ባቄላዋ ላይ ሲደርስ ግን ነገር ቆመ፤ በምሽት በምሽቱ አፏ ውስጥ ይዛ ትቀርና መልሳ ትተፋለች። እናትየው ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ ሳታውቀው የራሷን አፍ እየከፈተች፣ የራሷን ጉሮሮ እየዋጠች ታያታለች። የሽሮፑ ጠርሙስ እየጎደለ መጣ።

አንድ ምሽት መቀስ ተስፋ ቆርጣ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። አዝራር መትከልም ሥራ ነው አለች። እናት በርጩማዋን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ከዚያ ያቺን የባቄላ ፍሬ የምታክል ዳቦ አንስታ አየቻት። ይህች ሴት በዕድሜዋ ሙሉ ሆኖ ያለፈ ነገር ወደ ሆዷ አስገብታ አታውቅም፤ ምግቧን እስኪልም የምታኝክ፣ እንግዳ ማዕድ ላይ ሁሉም ከተነሳ በኋላ የምትቀር ሴት ናት። ፈራች፤ መፍራቷም ፊቷ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ዳቦውን አፏ ውስጥ ከተተች፣ ውሃውን አነሳች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ዋጠች። ዓይኗን ስትገልጥ ሆዷን በመዳፏ እየዳበሰች ነበር።

«አልሞትኩም» አለች። «ነይ እንግዲህ። ክኒኑን ራሱን አምጪው።»

አመጣችው። ከልምምዱ ዳቦ ትንሽ የሚያንስ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው፤ ያን ሁሉ ምሽት የታገለችው ከክኒኑ ሳይሆን ከእናቷ «ድንጋይ» ጋር ኖሯል። ምላሷ ላይ አደረገችው። ሁለቱም ውሃቸውን ይዘው፣ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ተያዩ። ጎነጨች። ጉሮሮዋ ላይ አንዴ ነካ አደረጋትና የለም።

«ተቀመጠ?» አለች እናት ወደ ሆዷ ጎንበስ ብላ።

«ሄደ፣ እማዬ። ሄደ።»

በማግስቱ የጎረቤት ልጆች አርፍደው ተነሱ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አልነበረም።

መዳን በአንድ ሌሊት አልመጣም፤ የመጣው ግን ወደ ኋላ አላለም። መጀመሪያ የተስተካከለው ረፋዱ ነው። አዝራሮቹ አራት ቀዳዳ ብቻ ይኖራቸው ጀመር። ሐኪሟ በንጋት ደሟን ደግማ አስቀዳች፤ ጭላጩ ጭላጭ መሆኑ ቀርቶ የሚገባውን ያህል ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟም ተጨምሮ የነበረውን መጠን መልሳ ቀነሰችላት፤ ያነሰው ክኒን ሙሉ ሆኖ ሲዋጥ ተወቅጦ ይወሰድ ከነበረው ትልቅ መጠን የበለጠ ሠራ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ዝናቡ ገባ፣ ዝናቡ ወጣ፤ አንድም ንጋት አልጣላትም። ዝናቡ ካባራ በኋላ በነበረው ቀጠሮ ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠችና፣ አሁን መቀስሽን ሂጂና ጠይቂ አለቻት።

ስለዚያ የካፖርት ጨርቅ፣ ስለ ሁለቱ መስመሮች፣ አንድ ዓይን ጨፍና መቁረጧንም ሁሉ ለጋሼ ከሆስፒታል በተመለሰች ሰሞን ተናግራለች። ያኔ ጋሼ ሰምተው መቀሱን ከግድግዳው አላወረዱም። ሐኪሟ ያለችውን ስትነግራቸው ቀና ብለው መቀሱን አዩት፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ያ መቀሱ የሚጮኽ ቆራጭ ሸሚዝ ወደሚቆረጥበት ትንሹ ጠረጴዛ ተዛወረ። የዳኞች ካባ ታዝዞ ነበር፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ጥቅሉን ሁለት ሰው የሚሸከመው ጨርቅ። ቢበላሽ በምትኩ የሚገዛ አልነበረም። ጋሼ ነገ ረፋድ ላይ ይቆረጣል አሉ። ሰዓቱን እያወቁ ነው የመረጡት፤ መቀስም ገብቷታል።

እናት እኔም ካልመጣሁ አለች፤ አልተቻለችም። የጨርቅ ጥቅሎቹ አጠገብ በርጩማ ተሰጣት። ረፋዱ ደረሰ። ጥቁሩ ጨርቅ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ፤ መቀስ በመዳፏ ዳበሰችው፣ አለሰለሰችው፣ ጠመኔዋን አንስታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰመረች። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ወጥተው መቀሱን ከግድግዳው አወረዱ። በኮታቸው እጅጌ ጠረጉት። ወዲያው ግን አልሰጧትም፤ አጠገቧ መጥተው መስመሩን አብረው አዩት።

«ስንት ነው?»

ወደ ጨርቁ ጎንበስ አለች። አየችው። ነጭ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ ጥቁሩ ላይ ተኝቷል። ግራውን ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። ቀኙን ጨፈነች፣ ገለጠች። አልተነቃነቀም።

«አንድ ነው፣ ጋሼ።»

መቀሱን እጇ ላይ አስቀመጡላት። ክብደቱን እጇ አልረሳውም። አፉን ከፈተች፣ ጨርቁን አጎረሰችው፣ ሄደች። ድምፁ አንዴም አልተቆራረጠም። የልብስ ስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ፤ እግሮች ከፔዳል ላይ ተነስተዋል። ጠረጴዛው መጨረሻ ላይ ስትደርስ ሁለቱ ቁራጮች ያለ ምንም መንገራገር ተለያይተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተንሸራተቱ። ጋሼ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ሰው አመስግነው አያውቁም፤ ያን ቀንም አላመሰገኑም። ሁለተኛውን ጨርቅ አምጡላት ብቻ አሉ፤ እሷም አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ያን ጊዜ ነው እናት ከበርጩማዋ የተነሳችው። ለስፌት ቤቱ በሙሉ፣ ለማያውቋት ሰፊዎች፣ በር ላይ ልብሱን ሊለካ ለቆመው ደንበኛ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣

«ሙሉውን ነው የዋጠችው» አለች። «እኔ አልወቀጥኩላትም።»

የገባው ሰው አልነበረም፤ ግን የእናትየውን ፊት አይቶ ሁሉም አጨበጨበ። መቀስ በሀፍረት እየሳቀች ጠመኔዋን ፈለገች፤ ሁለተኛው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ደርሶ እየጠበቃት ነበር።